ደንባራ ጊደር ለአውደ ርዕይ ትደርሳለች? በአምስት ሳምንት የሚቻለውና የማይቻለው

ጥያቄ፦ «የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። የሰባት ወር የተዳቀለች ጊደር አለችን፤ ከቃሉ ገጠር ከገዛናት ሁለት ወር ሆኗታል። ቁመናዋ ጥሩ ስለሆነ የቀበሌያችን የእንስሳት ባለሙያ ከአምስት ሳምንት በኋላ ደሴ ለሚካሄድ የእንስሳት አውደ ርዕይ መርጧታል። ችግሩ ሰው ሲጠጋት ትደነብራለች። የሚገርመው የከባድ መኪና ጡሩምባ ግድ አይሰጣትም፤ ፌስታል ሲንኮሻኮሽ ግን ትበረግጋለች። እንድትለምድ ብለን ግማሽ ቀን ግንድ ላይ አሰርናት፤ ወደቀች፣ ገመዱን በጠሰች፣ ወንድሜንም ረገጠችው። ጎረቤታችን ሁለት ቀን ብትራብ ትበርዳለች ይላል። ሌላው ደግሞ በዕለቱ የሚያደነዝዝ መርፌ ብትወጋ ይበቃታል አለን። እናቷም ተራጋጭ ነበረች አሉ። ክፋቷ የዘር ነው? እንሽጣት ወይስ ትገራለች?»

ምላሽ፦ ክፋት ያሉት ነገር ፍርሃት ነው። ከብት አዳኝ ሲያሳድደው የኖረ ፍጥረት ነው፤ የሚያሰጋው ነገር ሲመጣ መጀመሪያ ይሸሻል፣ መሸሻ ሲያጣ ይራገጣል። የእርስዎ ጊደር እስከ አምስት ወሯ ከመንጋ ጋር አደገች። እዚያ የሰው እጅ የሚያርፍባት ምናልባት ስትያዝና ስትወጋ ብቻ ነበር። ከዚያ በአንድ ቀን ከእናቷም ከመንጋዋም ተለይታ ግቢ ውስጥ ብቻዋን ቆመች። ግማሽ ቀን ግንድ ላይ ስትውል የተማረችው ነገር ቢኖር ሰውና ገመድ አብረው ሲመጡ መሸሽ እንደማይቻልና መጨረሻው መውደቅ እንደሆነ ነው። ወንድምዎን የረገጠችው ለዚህ ነው። በዚህ ላይ ረሃብና መርፌ ሲታከል «በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ» ይሆናል።

የዘር ጥያቄዎ መሠረት አለው። የከብት ፀባይ በከፊል ይወረሳል፤ ሻኛ ያላቸው የአገራችን ከብቶች በጥቅሉ ከውጭዎቹ የወተት ዝርያዎች ይልቅ ንቁና ቶሎ የሚደነግጡ ናቸው፣ የተዳቀለችም ከሁለቱ ወገን የደረሳትን ይዛ ትወለዳለች። ነገር ግን «እናቷ ተራጋጭ ነበረች» የሚለው ወሬ ብዙ አይነግረንም። ጡቷ የቆሰለ ላምም ትራገጣለች፣ በዱላ የምትታለብም ትራገጣለች። ዘር የሚወስነው ጊደሯ ምን ያህል ቶሎ እንደምትደነግጥና ስንት ጊዜ እንደሚፈጅባችሁ ነው፤ መገራት አለመገራቷን በአብዛኛው የሚወስነው ከዛሬ ጀምሮ የምታገኘው አያያዝ ነው። በሰባት ወሯ ገና ልጅ ናት። በዚህ ምክንያት ብቻ አይሽጧት።

ማስራቡን ዛሬውኑ ይተዉት። የሚያመሰኳ እንስሳ ሆድ ውስጥ ሣሩንና ገለባውን የሚያብላሉ ረቂቅ ተሕዋስያን አሉ፤ የሚኖሩት በየቀኑ በሚገባው መኖ ነው። ሁለት ቀን የተራበች ጥጃ ፉርሽካና ፋጉሎ ስታገኝ ተንሰፍስፋ ትበላለች፣ ሆዷ ውስጥ አሲድ ይበዛል፣ ትነፋለች፤ በዚህ የሚሞት ከብት አለ። ደግሞም ረሃብ አያበርድም፣ ያቅበጠብጣል። የምግብ ፍላጎቷን መጠቀም ከፈለጉ ትምህርቱን ከማታው መኖ ትንሽ ቀደም አድርገው ይስጡ፤ ትምህርቱ ሲያልቅ ምግቡ ይከተላል፣ ያንን ቅደም ተከተል ቶሎ ትይዘዋለች። ውኃ ደግሞ በምንም ምክንያት አይከልከል።

መርፌው ከረሃቡም የከፋ ነው። ለእንስሳት ማደንዘዣነት ከሚያገለግሉት አንዱ ዛይላዚን ነው። ከብት ለዚህ መድኃኒት ከፈረስ አሥር እጥፍ ገደማ ስስ ነው፤ ለፈረስ ልክ የሆነው መጠን ከብትን ያጋድማል። የተጋደመች ጊደር አየሩን ማግሳት ስለማትችል ሆዷ ይነፋል፣ ወደ አፏ የሚመለሰው መኖም ወደ ሳንባዋ ሊወርድ ይችላል። በግማሽ የደነዘዘ እንስሳ በድንገት ሲነካ ነቅቶ ሊራገጥ እንደሚችልም ይወቁ፤ የደነዘዘ የሚመስለውን ደግሞ ሰው ሳይጠነቀቅ ይጠጋዋል። ሐኪም ለሕክምና ሲል፣ ክብደቷን ለክቶና አጠገቧ ቆሞ የሚሰጠው ነገር ነው፤ ለትዕይንት አይሰጥም። አረቄ ማጠጣትም ያው ነው፣ አያድርጉት።

ገመዱን ከማንሳትዎ በፊት ግን አንድ ነገር ያጣሩ፦ የሚያማት ነገር አለ? የከተማው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ባለሙያ ቤታችሁ መጥቶ እንዲያያት ይጠይቁ፤ እሷን ጎትቶ ወደዚያ መውሰድ አሁን አይሆንም። ጆሮዋ ውስጥና ጭራዋ ሥር መዥገር፣ ቆዳዋ ላይ እከክ፣ ዓይኗ ላይ ብዥታ፣ ሰኮናዋ ላይ ቁስል መኖሩ ይታይ። በአንድ ወገን ብቻ የምትደነግጥ ከሆነ በዚያ ወገን ያለው ዓይኗ ጥሩ ላያይ ይችላል። ወድቃ ስለነበረም ስትራመድ ታነክስ እንደሆነ ልብ ብለው ይዩ። ክትባትም በዚሁ አጋጣሚ ይነሳ። ብዙ ከብት የሚሰበሰብበት ቦታ አፍተግርን የመሰለ በሽታ የሚተላለፍበት ነው፣ ክትባት ደግሞ ሰውነት ውስጥ ሥራውን እስኪሠራ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ለመጨረሻው ሳምንት አይተርፍም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ገራም የነበረ ከብት በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ፀባዩ ከተለወጠ፣ ያለማቋረጥ ከጮኸ፣ ለሃጩ ከተዝረበረበ ወይም መዋጥ ካቃተው የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። አጥንት አንቆት ይሆናል ብለው እጅዎን አፉ ውስጥ አያስገቡ። ሰው አርቀው ሐኪም ይጥሩ። የእርስዎ ጊደር ከመጀመሪያው እንዲህ ስለሆነች ይህ ያላት አይመስልም፤ ነገር ግን ከብት ያለው ሰው ሁሉ ሊያውቀው ይገባል።

ወደ ፌስታሉ እንምጣ፤ መልሱ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ጡሩምባው የማያስደነግጣት ቀንና ሌሊት ስለምትሰማውና አንድም ቀን ጉዳት አስከትሎባት ስለማያውቅ ነው። አዛኑንም ቅዳሴውንም በድምፅ ማጉያ ሰምታ የምታመሰኳውም ለዚሁ ነው። ፌስታሉ ግን ድንገት ይመጣል፣ ሲንቀሳቀስ ቅርጹ ይለዋወጣል፣ ድምፁም ቀጭን ነው። የሰው ጆሮ ቢበዛ እስከ 20,000 ኸርዝ ሲሰማ የከብት ጆሮ እስከ 35,000 ገደማ ይሰማል፤ ለእኛ ከቁብ የማይገባው ሲጢጥታ ለእሷ ይጮኻል። የበሩን ማጠፊያ ዘይት ይቀቡት፣ በፉጨት አይጥሯት፣ ልጆች አጠገቧ እንዳይጮኹ ያድርጉ።

ዓይኗም እንደ እኛ አይደለም። በራሷ ግራና ቀኝ ስለተቀመጠ ከ360 ዲግሪ 330 ያህሉን ትቃኛለች፤ የማትመለከተው በተለይ ከጭራዋ ቀጥታ በስተኋላ ያለውን ነው። ስለዚህ ከኋላ የሚመጣ ሰው ለእሷ ከምንም ተነስቶ የበቀለ ነው። ሁልጊዜ ወደ ትከሻዋ አቅጣጫ፣ ትንሽ ጠምዘዝ ብለው፣ ቀስ እያሉ ይሂዱ፤ ድምፅዎን አስቀድመው ያሰሙ። ጥልቀት መለየት ላይ ደካማ ስለሆነች የጥላ መስመርና የቦይ ክዳን እንደ ጉድጓድ ሊታያት ይችላል፤ ቆማ ራሷን ዝቅ አድርጋ ልታሸተው ከፈለገች ጊዜ ይስጧት እንጂ ከኋላ አይግፏት። ቀይ ልብስ ያስቆጣታል የሚባለውን ይርሱት፣ ከብት ቀይን እንደኛ ለይቶ አያይም። የሚያስበረግጋት የልብሱ መወዛወዝ ነው።

ግቢያችሁ ሲሚንቶ ከሆነ ትምህርቱን እዚያ ላይ አይጀምሩት። እግሯ የሚንሸራተት ከብት አይረጋጋም፤ የብዙ «እምቢተኛ» ከብቶች ችግር ወለሉ ሆኖ ይገኛል። አፈር ላይ ይሁን፤ ካልሆነ አሸዋ ወይም ገለባ ይበተንበት።

ብቻዋን መሆኗም ሌላው ችግር ነው። አባቶቻችን ወይፈን ሲገሩ ከለመደ በሬ ጋር የሚጠምዱት በምክንያት ነው፤ ወጣቱ የሚሆነውን ከነባሩ እያየ ይረጋጋል። እርስዎም የተረጋጋች ላም ወይም ሌላ ገራም ጥጃ ከጎረቤት ተውሰው አጠገቧ ቢያስሩ የሳምንቱን ሥራ በቀናት ያቀሉታል። ይህ ካልተገኘ በግም ቢሆን ከብቸኝነት ይሻላል።

የመጀመሪያው ሳምንት ያለ ገመድ ነው። አንድ ሰው ይመረጥ፤ ያው ሰው፣ በያው ሰዓት፣ ጠዋትና ማታ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ። በረቱ ውስጥ ገብቶ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፣ በለሰለሰ ድምፅ ያውራት፣ ዓይን ዓይኗን አይያት። ሊጠጋት ሲሞክር ራሷን ቀና አድርጋ ጆሮዋን የምታቀስርበት ርቀት አለ፤ እዚያ ላይ ይቁም። እንዳትሸሽ ቀድሞ ይቁም። ራሷን ዝቅ ስታደርግ፣ ስትተነፍስ ወይም ማመስኳት ስትጀምር እሱ አንድ እርምጃ ወደኋላ ይመለስ። ፈሪ እንስሳ ከምንም በላይ የምትፈልገው ፋታ ነው፤ ፋታውን ያገኘችው በመርጋቷ እንደሆነ ሲገባት መርጋትን ትመርጣለች። ርቀቱ በየቀኑ ይጠባል። ከዚያ የእኛ አገር ትልቁ መሣሪያ ይምጣ፤ አሞሌ ጨው። በመዳፍ ላይ ተይዞ ይቅረብላት፣ ራሷ መጥታ ትላሰው። ጨው ከላሰች ንጹሕ ውኃ አጠገቧ ይኑር።

እጅ የሚያርፈው መጀመሪያ ከአገጯ በታች በሚንጠለጠለው ቆዳና በአንገቷ ሥር ላይ ነው። ከብቶች እርስ በርስ ሲላላሱ የሚመርጡት ቦታ ስለሆነ እዚያ ስትታከክ አንገቷን ትዘረጋለች። ቀጥሎ ሻኛዋ አካባቢ፣ ከዚያ ጀርባዋ፣ መጨረሻ ላይ የጭራዋ መነሻ። ግንባሯን ግን ማንም አይንካ፣ በተለይ ልጆች። ግንባሯን እየገፉ መጫወት ዛሬ ያስቃል፤ መዋጋትን ያስተምራታል፣ ሦስት መቶ ኪሎ ስትሆን ያንኑ ጨዋታ ትጠብቃለች።

ገመዱ የሚመጣው ስትታከክ ቆማ ስትቀር ነው። አንገት ላይ ሸምቀቆ ፈጽሞ አይግባ፤ ስትጎትት ያንቃታል፣ ስትታነቅ ትብስባታለች። በራሷ ላይ የሚጠለቅ፣ ከጆሮዋ ኋላ አልፎ አፍንጫዋን የሚያቅፍ፣ ስትጎትት ከአገጯ ሥር የሚጠብቅና ስትለቅ የሚላላ ገመድ ይሥሩ። አፍንጫዋን የሚያቅፈው ክፍል ከለስላሳው ሥጋ ላይ ሳይሆን ከዚያ በላይ፣ አጥንቱ ላይ ይረፍ፤ ዝቅ ካለ ትንፋሿን ይይዛል። በመጀመሪያ ቀን ታሽተው፣ ትከሻዋ ላይ ይረፍ፣ ከዚያ ይጠለቅ። ከጠለቀ በኋላ ጫፉን አጭር ጊዜ መሬት ለመሬት እንድትጎትተው ይተዋት፤ ራሷ ስትረግጠው ራሷን ትይዛለች፣ እግሯን ስታነሳ ይለቃታል። ይህ ትምህርት ያለ ጠብ ይገባታል። ግን የሚያጠላልፍ ነገር በሌለበት ግቢ፣ ሰው እያያት ብቻ።

ስትታሰር በአንድ ጉተታ በሚፈታ ቋጠሮ፣ ከራሷ ቁመት እኩል፣ አንድ ክንድ ያህል ገመድ ተሰጥቷት ይሁን። ረዝሞ ሲላላ እግሯን ታስገባበታለች። መጀመሪያ አሥር ደቂቃ፣ ከዚያ ሃያ፣ እየቆየ እስከ አንድ ሰዓት። እንደታሰረች ብቻዋን ትታችኋት አትሂዱ። የምትፈታው ጸጥ ብላ በቆመችበት ቅጽበት ነው፤ ስትፈናጠር ከፈታችኋት መፈናጠር ገመድ እንደሚያስፈታ ትማራለች። ተፈናጥራ ከሆነ እስክትረጋ ይጠብቁ፣ ያን ቀን ሌላ አዲስ ነገር አይጨምሩ። በጣም የደነገጠ ከብት የልብ ምቱ ወደ ቦታው እስኪመለስ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ በዚያ መካከል የሚሰጥ ትምህርት አይገባውም።

መምራት ላይ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ፊት ለፊት ቆሞ መጎተት ነው። ከመቶ ኪሎ በላይ የሆነ እንስሳ አራት እግሩን ከተከለ አያሸንፉትም፣ በጉልበት የበላይነቷን ማወቋ ብቻ ይቀራል። በትከሻዋ አጠገብ ቁሙ፣ ገመዱን ወደ ጎን ሳብ አድርጋችሁ ያዙ፤ ሚዛኗ ሲዛነፍ አንድ እግር ታነሳለች። እግሯ እንደተነሳ ገመዱ ይላላ። ሁለት እርምጃ ከሄደች አመስግኗት፣ አንገቷን እከኩላት፣ እዚያው ይብቃ። መጀመሪያ መሄድ ወደምትፈልግበት ይሁን፣ ከግቢው ጫፍ ወደ ውኃዋ ወይም ወደ ግርግሟ። ገመዱን እጅዎ ላይ አይጠምጥሙት፣ ጣት የሚቆረጠው እንዲህ ነው። ጭራ መጠምዘዝም ይቅር፤ ጭራ አጥንት ነው፣ ይሰበራል። ከብት ወደ ጎንም አዙራ ስለምትረግጥ ከኋላ እግሯ አንድ እርምጃ ያህል ርቆ መቆም አደገኛው ቦታ ነው፤ ወይ ትከሻዋ ላይ ተጠግተው ይቁሙ፣ ወይ በደንብ ይራቁ።

እቤት ገራም የሆነች ጊደር ደሴ ስትደርስ እንደ አዲስ የምትደነብረው ለምንድን ነው? ከብት ሰውን ከሰው፣ ልብስንም ከልብስ ይለያል። እርስዎን ለመደች ማለት ሰውን ለመደች ማለት አይደለም። ስለዚህ ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ሌሎች ሰዎች ይግቡ፤ ጋቢ የለበሰ፣ ጃንጥላ የያዘ፣ ሴትም ወንድም። በተለይ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው። ነጭ ጋውን ለብዙ ከብቶች መርፌ ማለት ነው፤ አውደ ርዕይ ላይ የሚመረምሯት ባለሙያዎችም ያንኑ ለብሰው ሊመጡ ይችላሉ። አንድ ሰው ነጭ ለብሶ ጨው ይስጣት፣ ቦርሿት ይሂድ። ፌስታሉንም እንዲሁ፦ መጀመሪያ ራቅ ብሎ አጥር ላይ ታስሮ ነፋስ ሲያንኮሻኩሸው ስትበላ ትየው፣ በየቀኑ ትንሽ ይጠጋ። የምትበረግግበት ርቀት ላይ ከደረሰ አንድ ቀን ወደኋላ ይመለሱ።

ጉዞው ራሱ ፈተና ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም መንገዱ ጠመዝማዛ ዳገት ነው፣ ከ600 ሜትር በላይ ያስወጣል፤ አይሱዙ ላይ ቆማ በየኩርባው የምትናጥ ጊደር እግሯን መትከያ ያስፈልጋታል። ወለሉ ላይ አሸዋና ገለባ ይነጠፍ፣ የለመደችው ጓደኛዋ አብራት ትጫን፣ ሹፌሩ ኩርባ ላይ እንዲያዘግም ይነገረው። ከጉዞው ቀን በፊት መኪናው ላይ ወጥታ፣ በልታ፣ ሳትሄድ ትውረድ። ደሴ ከእናንተ ይበርዳል፤ ጉምና ነፋስ ካለ ጀርባዋ ላይ ንጹሕ ጆንያ ጣል ያድርጉባት፣ ግን እሱንም እቤት ትልመደው። የምትበላውን ድርቆሽና ፉርሽካ ከቤት ይዘው ይሂዱ፣ ድንገተኛ የመኖ ለውጥ ሆዷን ያውካታል። ቢቻል አንድ ቀን ቀድማ ትድረስ።

እንግዲህ ቁርጡን ልንገርዎ። አምስት ሳምንት በየቀኑ ከተሠራበት ይህች ጊደር ከጓደኛዋ ጎን ታስራ፣ እየተቦረሸች፣ ሰው እየተመለከታት ጸጥ ብላ መቆም ትችላለች። በሕዝብ መካከል በገመድ እየተመራች መዞር ግን አትችልም፤ ለዚያ እንደ እሷ ያለች ፈሪ ሁለት ሦስት ወር ትፈልጋለች። ስለዚህ አሁኑኑ ለቀበሌው ባለሙያ በጋጣ ውስጥ ቆማ ብቻ እንደምትታይ አሳውቁ፤ ዙረቱን ለሚቀጥለው ጊዜ አቆዩት። ፊት ለፊቷም ሕዝቡ አንድ ሁለት ሜትር የሚርቅበት አጥር ይጠይቁ።

በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ ይፈትኗት። የማታውቀው ሰው፣ እርስዎ አጠገቧ ሳይሆኑ፣ ታስራ እያለች ጀርባዋን ይቦርሻት። ሳትፈናጠር ከቆመችና መኖዋን መብላት ከቀጠለች ትሂድ። ካልበላች፣ ከተንቀጠቀጠች ወይም ደጋግሞ ካስቀመጣት አልደረሰችም፤ ትቅር። ያንን ውሳኔ ለአዘጋጆቹ አንድ ሳምንት ቀድመው ያሳውቁ፣ በቦታዋ ሌላ ከብት እንዲያዘጋጁ፤ ትምህርቱን ግን እቤት አያቋርጡ።